ካቴድራል የሚያሰኘው ወንበሩ ነው

ሊቨርፑል መሃል ከተማ ቸርች ስትሪት የሚባል የገበያ መንገድ አለ። ትርጉሙ «የቤተ ክርስቲያን መንገድ» ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አይታይም። ግራና ቀኙ ሱቅ ነው። ሰው ፌስታሉን አንጠልጥሎ ይተላለፋል። መሬቱ ላይ ከንጣፉ ጋር እኩል ሆኖ የተቀበረ የናስ መስቀል አለ፤ አብዛኛው ሰው ሳያየው ረግጦት ያልፋል። መስቀሉ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የቆመበትን ቦታ ያመለክታል። ቤተ ክርስቲያኑ በ1704 የተከፈተ ነበር። የከተማው ሰው ልጁን ክርስትና የሚያስነሳበት፣ የሚዳርበት፣ ሬሳ የሚሸኝበት አጥቢያ ነው። በ1880 ካቴድራል ተባለ። ግድግዳው አልተነካም፣ ጣሪያው ከፍ አላለም። በ1922 ፈረሰና ቦታው ሱቅ ሆነ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ታዲያ በ1880 ምን ተለወጠ? አንድ ወንበር ገባ።

ቀልድ አይደለም። «ካቴድራ» የግሪክ ቃል ነው፤ ወንበር ማለት ነው። ከግሪክ ላቲን ወሰደው፣ ከላቲን ደግሞ ሌላው ዓለም ተቀባበለው። ካቴድራል ማለት የጳጳሱ ወንበር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። አማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ተራውን መቀመጫ «ወንበር» እንላለን፤ ሥልጣን ሲኖርበት «መንበር» ይሆናል። «ሊቀመንበሩ መጡ» ሲባል ስለ እንጨቱ የሚያስብ ሰው የለም። ጥንት መምህር የሚያስተምረው ተቀምጦ ነበር። ጳጳሱም ተቀምጦ ያስተምራል፣ ተቀምጦ ይፈርዳል። ወንበሩ ያለበት ቤት የሀገረ ስብከቱ ሁሉ ራስ ሆነ።

ብዙዎቻችን ግን ካቴድራል ሲባል የሚታየን ትልቅነት ነው። የእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑበት ዌስትሚንስተር አቤይ ካቴድራል አይደለም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር። ቫቲካን ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካም ካቴድራል አይደለም። ፖፑ የሮም ጳጳስ ናቸው፤ የጳጳስነት ወንበራቸው ያለው ከወንዙ ማዶ፣ በላተራኑ ቅዱስ ዮሐንስ ነው። ይህን ስነግራቸው «ተሳስተሃል» ብለው ስልካቸውን የሚያወጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ቤቨርሊ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ቤተ ክርስቲያኗ ከብዙ ካቴድራሎች ይበልጣል። ግን ጳጳስ የለባትም፤ ስለዚህ አጥቢያ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው እንዲህ ነው። ወንበሩ ጳጳሱን ይከተላል። ጳጳሱ ሀገረ ስብከቱን ይከተላል። ሀገረ ስብከቱ ደግሞ፣ በጣም እየዘገየ፣ ሕዝቡን ይከተላል። ሰው ሲፈልስ የሀገረ ስብከቱ ድንበር ይቀየራል። ድንበሩ ሲቀየር አንዱ አጥቢያ ካቴድራል ይሆናል፣ አንዱ ካቴድራል ወደ አጥቢያ ይመለሳል። ብዙ ምሳሌ የማመጣው ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ አንግሊካን ከምንላት፣ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ለውጥ በሕግ ስለሚደረግ፣ የትኛው መቼ ምን እንደሆነ ለመከታተል ይመቻል።

ወንበሩ ሲነሳ

በ1075 ለንደን ላይ የተደረገ ጉባኤ ጳጳሳት ከመንደር ወጥተው ከተማ እንዲገቡ ወሰነ። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከወረሩ ገና 9 ዓመቱ ነው፤ አዲሶቹ ገዢዎች ጳጳስ ገጠር ይቀመጣል ሲባል አልገባቸውም። ባሕር ዳር የነበረው የሴልሲ ወንበር ወደ ቺቼስተር ሄደ። የሼርቦርን ጳጳስ ወደ ጥንታዊቷ ሳልስበሪ ተነሣ። ሼርቦርን ከ705 ጀምሮ 370 ዓመት ካቴድራል ነበር። ከዚያ ገዳም ብቻ ሆኖ ቀረ። በ1539 ገዳሙ ሲዘጋ የከተማው ሰው ሕንፃውን ገዝቶ አጥቢያ አደረገው። እስከ ዛሬም አጥቢያ ነው። መንገዱ ወደ ላይ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ገዳማቱን የዘጋው ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ባዶ የቀሩትን ትልልቅ ሕንፃዎች አየና ከ1540 እስከ 1542 ባሉት ዓመታት ስድስት አዳዲስ ሀገረ ስብከቶች አቋቋመ። ቼስተር፣ ግሎስተር፣ ፒተርቦሮ፣ ብሪስቶል፣ ኦክስፎርድና ዌስትሚንስተር ናቸው። ወንበሩ የገባው የገዳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። አጥቢያ ገና ተራው አልደረሰም።

ከዚያ ወዲያ ወደ 300 ዓመት ገደማ አንድም አዲስ ሀገረ ስብከት አልተቋቋመም። ሦስት መቶ ዓመት! በዚህ መሃል አገሩ ሌላ አገር ሆነ። የጥጥ ፋብሪካ መጣ፣ የድንጋይ ከሰል መጣ፣ ባቡር መጣ። ማንቸስተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መቶ ሺህ የማይሞላ ሰው ነበራት፤ በ1851 ከ300,000 አለፈች። ጳጳሷ ግን እስከ 1847 ድረስ ቼስተር ተቀምጠው አብዛኛውን ሰሜን ምዕራብ ይጠብቁ ነበር።

ማንቸስተር ውስጥ የነበረውን ትርምስ ለማየት ወደ አሮጌው ቤተ ክርስቲያኗ መግባት ነው። በጥንቱ የአጥቢያ ድንበር መሠረት ያ ሁሉ ሕዝብ የዚያ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነበር። ሌላ ቦታ ቢጋባም ክፍያው ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ ድሃው እዚያው ይሰለፋል። ጆሹዋ ብሩክስ የተባሉ ቄስ ጥንዶችን በመንጋ እየደረደሩ ያጋቡ ነበር። አንድ ቀን ሙሽሮቹ ተቀላቅለው ሴቷ ከማታውቀው ሰው ጎን ቆማ ተገኘች፤ ቄሱም «ስትወጡ ተመራረጡ» አሉ ይባላል። እውነት ይሁን ቀልድ፣ ሰዉ የተቀባበለው የዘመኑን መጨናነቅ ስለሚያሳይ ነው። ይኸው ቤተ ክርስቲያን በ1847 የአዲሱ የማንቸስተር ሀገረ ስብከት ካቴድራል ሆነ። ከእሱ ቀድሞ በ1836 ሪፖን ወንበር አግኝታ ነበር።

የዘገየበት አንዱ ምክንያት ፖለቲካ ነው። የእንግሊዝ ጳጳሳት በላይኛው ምክር ቤት መቀመጫ አላቸው። አዲስ ጳጳስ በተሾመ ቁጥር አንድ የምክር ቤት ድምፅ ሊጨመር ነው። ይህን የማይፈልግ ብዙ ነበር። የ1847ቱ ሕግ መላ አበጀለት፤ የጳጳሳቱ መቀመጫ 26 ላይ ቆመ፣ ከጥቂቶቹ ታላላቅ መናብርት በቀር ሌላው በሹመት ቅደም ተከተል ተራውን ይጠብቅ ተባለ። ከዚያ በኋላ ሀገረ ስብከት መጨመር እንደ ድሮው አላስፈራም።

ማን ይመረጥ?

አዲስ ሀገረ ስብከት ሲቋቋም በመጀመሪያ ሕግ ይወጣል። ቀጥሎ ገንዘብ ይሰበሰባል። መንግሥት ለጳጳሱ ደሞዝ ከካዝናው አያወጣም፤ ምእመኑ አዋጥቶ ቋሚ ገቢ የሚያስገኝ ገንዘብ ማስቀመጥ አለበት፣ አንዳንዴም የእናት ሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ከገቢያቸው ላይ ቆርሰው ይሰጣሉ። በ1878 በወጣ አንድ ሕግ ሊቨርፑል፣ ኒውካስል፣ ሳውዝዌልና ዌክፊልድ በአንድነት ተፈቀዱ። ገንዘቡ ግን እኩል አልሞላም። ሊቨርፑል በ1880 ጀመረች፣ ዌክፊልድ እስከ 1888 ጠበቀች።

ከሁሉ ከባዱ ግን ምርጫው ነው። ወንበሩ የት ይቀመጥ? አዲስ ካቴድራል መሥራት ዕድሜ ይፈጃል። ያለውን መውሰድ ይቀላል። ግን የትኛውን? ትልቁን ከተማ ካልክ ቤተ ክርስቲያኑ ያንሳል። ትልቁን ቤተ ክርስቲያን ካልክ ከተማው ይርቃል። ሳውዝዌል የተመረጠው በሕንፃው ነው። እጅግ የሚያምር የኖርማን ሕንፃ ነው፤ ከተማዋ ግን መንደር ልትባል ምንም አልቀራት። ሕዝቡ ያለው ኖቲንግሃም፣ ወንበሩ ያለው ሳውዝዌል ሆነ።

በኤሴክስ አውራጃ ነገሩ ውድድር ሆኖ ነበር። ኮልቸስተር «እኔ የሮማውያን ከተማ ነኝ» ትላለች። ዋልታም አቤይ ትልቅ ታሪካዊ ቤተ ክርስቲያን አላት። ታክስቴድም አመለከተች። ሌሎችም ነበሩ። ያሸነፈችው ቼልምስፎርድ ናት። ቤተ ክርስቲያኗ የደህና ገበያ ከተማ አጥቢያ ነው፣ ከዚያ ያለፈ አይደለም። በ1800 ሠራተኞች ውስጡ መቃብር ሲቆፍሩ ምሰሶ ነክተው አብዛኛው ክፍል ተደርምሶ እንደገና የተሠራ ነው። ይኼው ቤት በ1914 ካቴድራል ሆነ። ዛሬም ከእንግሊዝ ካቴድራሎች በትንሽነቱ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። ለእኔ ይህ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፤ ወሳኙ ምእመኑ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ነበር።

በዚያው ዓመት ጎረቤት አውራጃ ሰፎክም ሀገረ ስብከት ሆነ። እዚያ ሁለት ከተሞች ተፋጠጡ። ስሙን ለሁለት አካፍለው «ሴንት ኤድመንድስበሪና ኢፕስዊች» አሉት፤ ወንበሩ ግን ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ከተማ፣ የቅዱስ ያዕቆብ አጥቢያ ገባ። የሚገርመው እዚያው አጠገብ ሌላ ትልቅ አጥቢያ አለ፤ ቅድስት ማርያም ይባላል። የሄንሪ 8ኛ እህት፣ የፈረንሳይ ንግሥት የነበረችው ሜሪ ቱዶር እዚያ ነው የተቀበረችው። ንግሥት ያለበት አጥቢያ ሆኖ ቀረ፣ ጎረቤቱ ካቴድራል ሆነ።

ቤቱ ሳይነቃነቅ ሀገሩ ሲቀያየር

ከሁሉ የምወደው ምሳሌ ሰዘርክ ነው። ለንደን ውስጥ፣ ከቴምዝ ወንዝ ደቡብ፣ ከለንደን ድልድይ ሥር ነው ያለው። መጀመሪያ ገዳም ነበር። በ1539 ተዘጋ። በማግስቱ ዓመት ቅዱስ መድኃኒት ተብሎ አጥቢያ ሆነ። አጥቢያው ግን ባለቤት አልነበረም፤ ከዘውዱ ተከራይ ነው። ከመሠዊያው ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ ለዳቦ ጋጋሪ ተከራየ። አዎ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምድጃ ተተከለ፣ ሊጥ ተቦካ፣ በአንዱ ጥግ አሳማ ሳይቀር ታረባ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ምእመናኑ ሰለቻቸውና አዋጥተው ሕንፃውን ከንጉሥ ጄምስ 1ኛ በ800 ፓውንድ ገዙት።

አሁን ጳጳሱን ተመልከቱ። ሰዘርክ ለመቶዎች ዓመታት በዊንቸስተር ሀገረ ስብከት ሥር ነበር። ዊንቸስተር ከዚያ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በ1877 ድንበሩ ተቀይሮ ወደ ሮቸስተር ተዛወረ። በ1905 ራሱ ሀገረ ስብከት ሆነ፤ አጥቢያውም ካቴድራል። አንድ ሰው በ1870 እዚያ ክርስትና ተነሥቶ፣ በ1890 አግብቶ፣ በ1910 ቢቀበር ሦስቱንም ያደረገው በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ በሦስት ሀገረ ስብከት ግን ተመዝግቧል።

ለምን እንዲህ ተንገላታ? ለንደን ወደ ደቡብ ስለፈሰሰች ነው። ድሮ እርሻ የነበረው ቤት በቤት ሆነ። ዊንቸስተር ሩቅ ነው፤ ሮቸስተር ደግሞ ያን ያህል ሕዝብ አልቻለም። ወንበሩ ወደ ሕዝቡ መጣ።

ትሩሮ የተለየች ናት። ኮርንዎል የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። ከኖርማኖች በፊት የራሱ ጳጳስ ነበረው፤ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከኤክሰተር ጋር ተዋሃደና 800 ዓመት ያህል ከሩቅ ተገዛ። በ1876 ሀገረ ስብከቱ ተመለሰለት። ወንበሩ የገባው ትሩሮ ከተማ፣ ቅድስት ማርያም አጥቢያ ነው። ቤቱ አርጅቷል፣ ጠቧል። «እናፍርሰው» ተባለና በ1880 አብዛኛው ፈረሰ፣ በቦታው ዛሬ የምናየው ባለ ሦስት ማማ ካቴድራል መሠራት ጀመረ። ያለቀው በ1910 ነው። ግን አርክቴክቱ ጆን ፒርሰን የአሮጌውን አጥቢያ ደቡባዊ ክንፍ አላፈረሰውም። አዲሱን ሕንፃ ከጎኑ ሰፋው። ዛሬ ገብታችሁ በቀኝ በኩል ብትሄዱ ጣሪያው ድንገት ዝቅ ይላል፤ ያ ክንፍ አሁንም ቅድስት ማርያም ነው፣ አጥቢያው አልጠፋም። ካቴድራል ውስጥ አጥቢያ ማየት ከፈለጋችሁ እንደዚህ ፍንትው ያለ አላውቅም።

ግንባታው ሲካሄድ የመጀመሪያው ጳጳስ ኤድዋርድ ቤንሰን ሕዝቡን ይዘው የእንጨት መጋዘን የመሰለ ጊዜያዊ ቤት ውስጥ ነበሩ። በ1880 የገና ዋዜማ ማታ እዚያ ዘጠኝ ምንባባትና መዝሙራት ያሉበት ሥርዓት አዘጋጁ። ሰዉ በዚያ ምሽት ከመጠጥ ቤት እንዲርቅ ነው ይባላል። በ1918 ካምብሪጅ ያለው ኪንግስ ኮሌጅ ሥርዓቱን ወሰደው፤ በሬዲዮ ዓለም ሁሉ ሰማው። ምንጩ ግን ካቴድራሉን ያጣ ካቴድራል ነው።

ወንበሩ ገባ፣ ቤቱ ጠበበ

አጥቢያ የተሠራው ለሰፈር ሰው ነው። ካቴድራል ሲሆን ግን ከሀገረ ስብከቱ ሁሉ ካህናት ይመጣሉ። የክህነት ማዕረግ አሰጣጥ እዚያ ነው። ዘማሪው ይበዛል። ጳጳሱ ወንበራቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ያስፈልጋል። የተለመደው መፍትሔ በምሥራቅ በኩል፣ ማለትም በመሠዊያው አቅጣጫ ማስረዘም ነው። ቼልምስፎርድ በ1920ዎቹ እንዲህ ተደረገ፤ አርክቴክቱ ቻርልስ ኒኮልሰን ነበሩ።

ኒኮልሰን ፖርትስመዝንም ይዘው ነበር፤ በ1927 ካቴድራል የሆነ የወደብ አጥቢያ ነው። ሥራው በ1939 በጦርነቱ ቆመ። የምዕራቡ ጫፍ ክፍት እንዳይቀር ጊዜያዊ የጡብ ግድግዳ ተሠራለት። «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል የትም አገር ያው ነው መሰለኝ፤ ግድግዳው 50 ዓመት ያህል ቆሞ ካቴድራሉ ያለቀው በ1991 ነው። ሸፊልድም በጦርነቱ ምክንያት ትልቁን ዕቅድ ጥላ በትንሹ ተብቃቃች። ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ደግሞ ማማ ሳይኖረው ቆየ። ለአሥርት ዓመታት የሠራው አርክቴክት ስቲቨን ዳይክስ ባወር በ1994 ሲሞት ለግንባታው ሀብቱን ተናዘዘ፤ ማማው በ2005 አለቀ። በ21ኛው ክፍለ ዘመን፣ በድንጋይ፣ በጡብና በኖራ የተሠራ የጎቲክ ማማ ነው።

ሌላው መንገድ አጥቢያውን ተጠባባቂ ማድረግ ነው። ሊቨርፑል ያደረገችው ይህንን ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ወንበሩን ይዞ ይቆያል፣ ሌላ ቦታ አዲስ ይሠራል። አዲሱ በ1904 ተጀመረ። ውድድሩን ያሸነፈው ጃይልስ ጊልበርት ስኮት ገና የ22 ዓመት ልጅ ነበር፤ ያለቀው በ1978፣ እሱ ከሞተ ከ18 ዓመት በኋላ ነው። ጊልድፎርድም እንዲሁ። ሆሊ ትሪኒቲ የተባለው አጥቢያ ከ1927 እስከ 1961 ተጠባባቂ ሆኖ አገለገለ። አዲሱ ሲያልቅ ወንበሩ ኮረብታው ላይ ወጣ፣ ሆሊ ትሪኒቲ ወደ ቀድሞ ኑሮው ተመለሰ። አዲሱን ለመጨረስ ጡብ ለሕዝብ ይሸጥ ነበር፤ ሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔንስ ከፍሎ ስሙን ጡቡ ላይ መጻፍ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥም ጽፈዋል።

አለቃው ማነው?

ይኼ የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ ብዙ አይወራም፤ ግን ከሕንፃው ይልቅ የሚያጨቃጭቀው እሱ ነው። ጥንታዊው ካቴድራል አጥቢያ የለውም። የሚያስተዳድረው የካህናት ጉባኤ ነው፣ አለቃው «ዲን» ይባላል። አጥቢያ ግን ምእመን አለው፣ እኛ ሰበካ ጉባኤ የምንለው ዓይነት ምክር ቤት አለው፣ የኔ የሚለው ቄስ አለው። ካቴድራል ሲሆን እነዚህ የት ይሂዱ? መጀመሪያ የተደረገው ቄሱን በሁለት ባርኔጣ ማስቀመጥ ነው። የአጥቢያው አስተዳዳሪም የካቴድራሉ አለቃም እሱ ሆነ። «ዲን» ላለማለት «ፕሮቮስት» አሉት። ልዩነቱ እስከ 2000 ድረስ ቆየ፤ ከዚያ በ1999 በወጣ ሕግ ሁሉም ዲን ተባሉ። ከአያቱ ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የኖረ ምእመን ግን ሕጉ ምንም ቢል ቤቱ የሱ ነው።

ጳጳሱስ? እንግዳ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። ወንበሩ የሳቸው ነው፣ ቤቱን የሚመራው ግን ዲኑ ነው። አዲስ ጳጳስ ሲመጡ በሩ ይዘጋል። በበትራቸው ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ። ሲከፈትላቸው ገብተው ይቀመጣሉ።

ከተማውም የራሱ ጥያቄ አለው። እንግሊዝ አገር ካቴድራል ያለው ቦታ በልማድ «ከተማ» የሚል ማዕረግ ያገኝ ነበር። ትሩሮ፣ ሴንት ኦልባንስ፣ ሊቨርፑል፣ ኒውካስል፣ ዌክፊልድ በዚህ መንገድ ከተማ ሆኑ። በ1889 በርሚንግሃም ካቴድራል ሳይኖራት በሕዝቧ ብዛት ማዕረጉን አገኘች፤ ክሩ ተበጠሰ። ካቴድራል ያገኘችው በ1905 ነው፣ እሱም በ1715 የተመረቀው የቅዱስ ፊልጶስ አጥቢያ። ቼልምስፎርድ ካቴድራል ሆና እስከ 2012 ከተማ አልተባለችም። ሳውዝዌል ዛሬም አይደለችም።

ከእንግሊዝ ውጭ ያለው

ሕዝብ ሲነሳ ወንበር ይነሳል ያልኩት ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። የካቶሊኮቹን ጋልቨስተን እዩ። ቴክሳስ ውስጥ ያለች የደሴት ወደብ ናት። በ1847 ሀገረ ስብከት ስትሆን መላው ቴክሳስ በሥሯ ነበር፤ ቅድስት ማርያምም ካቴድራሏ። በ1900 አውሎ ነፋስ መጥቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ንግዱ ወደ ሂውስተን ሸሸ። በ1959 ወንበሩ ሳይነቀል ሌላ ወንበር ተጨመረ፤ ሂውስተን ያለው የቅዱስ ልብ አጥቢያ አብሮ ካቴድራል ሆነ። በ2008 በአዲስ ትልቅ ሕንፃ ተተካ። የጋልቨስተኑ ክብሩን አላጣም። ሀገረ ስብከቱም ሁለቱን ስም አጣምሮ ይዟል።

ስኮትላንድ ደግሞ ወንበርን በዱካ የመለሰች አገር ናት። ኤዲንብራ የሚገኘው ቅዱስ ጃይልስ የከተማው አጥቢያ ነበር። ውስጡ በግድግዳ ተከፋፍሎ ከአንድ በላይ ጉባኤ ይሰበሰብበት ነበር። በ1633 ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ጳጳስ ሾመበትና ካቴድራል አደረገው፤ ግድግዳው ይነሳ አለ። በ1637 በንጉሡ ትእዛዝ አዲሱ የጸሎት መጽሐፍ ሲነበብ ሕዝቡ ተነሣ። ጄኒ ጌዴስ የተባለች የገበያ ሴት የተቀመጠችበትን ዱካ አንሥታ አንባቢው ላይ ወረወረች ይባላል። በ1638 ጳጳሳት ተሻሩ። በ1661 ተመለሱ። በ1689 እንደገና ተሻሩ፣ በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ወዲህ ጳጳስ የለም። ሰዉ ግን እስከ ዛሬ «ቅዱስ ጃይልስ ካቴድራል» ነው የሚለው። ወንበር የሌለው ካቴድራል። ቅድም «ሌላ ምስጢር የለውም» ብዬ ነበር፤ ስም ግን ከወንበር ይልቅ ሥር ይሰዳል።

የቅርቡ ለውጥ የመጣው በ2014 ፋሲካ ነው። በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲቆራረስ የኖረው የሰሜን እንግሊዙ ዮርክሽር በከፊል መልሶ ተሰበሰበ። ሪፖን (1836)፣ ዌክፊልድ (1888) እና ብራድፎርድ (1919) ፈርሰው አንድ የሊድስ ሀገረ ስብከት ሆኑ። ካቴድራሎቹ ምን ይሁኑ? ዌክፊልድና ብራድፎርድ አጥቢያ የነበሩ ናቸው፤ ወደዚያ መልሱን የሚል አልተገኘም። ስለዚህ ሦስቱም በእኩልነት ካቴድራል ሆነው ቀጠሉ። ጳጳሱ በስማቸው የሊድስ ናቸው። ሊድስ ከተማ ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ግን ካቴድራል አይደለም፤ ወንበሮቹ ያሉት በሌሎቹ ሦስት ከተሞች ነው።